አጥንት ቆጣሪዋ

ያን ክረምት ኩታይሲ መብራት አልነበራት፤
ወንዙ ብቻ ያወራል፣ ሪዮኒ፣ ሌት ከቀን፣
ነጭ ድንጋዮቹን እየገፋ ወደ ታች።
እኛ ካፖርት ደርበን፣ ጓንታችንን አውልቀን፣
በላምባ ምድጃ ዙሪያ ተኮልኩለን
ስማችን እስኪጠራ እንጠብቃለን።

ናዚብሮላ ትባላለች። ፕሮፌሰር አይደለች፤
ምድር ቤት ያለውን መጋዘን ጠባቂ፣
አጥንት ቀቃይ፣ አጥቢ፣ በሽቦ አገናኝ፣
የጎደለ ሲኖር በስሙ ጠያቂ።
ጣቶቿ ጥቁር ናቸው፤ አጥንት አይደለም ያጠቆራቸው፤
በየመኸሩ የምትልጠው የዋልነት ቅርፊት ነው ያቀለማቸው።

ከእጇ አንድ ከረጢት አለ፣ ድሮ የድንች ነበረ።
«ዓይን ይዋሻል» ትላለች፣ «ጣት ግን የነካውን መሰከረ።
እጅህን አግባ። ስሙን ንገረኝ። ከዚያ፣ ግራ ነው ቀኝ?»

ባድሪ፣ አጥንቱን ሲቆጥር እስከ መሳፍንት የሚደርስ፣
አንድ የትከሻ ሰሌዳ ይዞ ሲያገላብጥ፣ ሲዳብስ፣
«የግራ» አለ። የቀኝ ነበር።
«ዘርህን ቆጥረህ ጨርሰሃል» አለችው፣ «አሁን ደግሞ ከአንድ ጀምር።»

ጉብታ ካለ፣ እዚያ ጅማት ነበረ የሚጎትት፤
ሸካራው ቦታ የሥራ ነው፣ የዕድሜ ልክ ጉልበት።
ቦይ ካለ፣ የደም ሥር ወይም ነርቭ ተኝቶበት ኖሯል፤
ቀዳዳ ካለ፣ አንድ ነገር ለመግባት ደጅ ጠንቷል።
ለስላሳ ክብ ከሆነ ከሌላ አጥንት ጋር ይተዋወቃል፣
በመሃላቸው ልም አጥንት፣ እንዳይፋጩ የሚያስታርቅ።
«ጡንቻ መጥፎ ተከራይ ነው» ትል ነበር፣
«ሲለቅ ግድግዳውን ቧጥጦ ነው።»

ህብረ ሕዋስ የሚለውን መጽሐፉ በአራት ከፍሎ ሲያስረዳ
እሷ የሹራቧን ክር ትስባለች፣ ከተተለተለው እጅጌ ጓዳ፦
«ይኼ የሚሸፍን፣ ይኼ የሚያያይዝ፣ ይኼ የሚኮማተር፣
ይኼ ደግሞ» ጫፉን ነክሳ «ወሬ አመላላሽ ነገር።
የአንዱ ድር ለአንዱ ማግ ነው።
አንዱን ስትመዘው እጅጌው ያልቃል።»
እውነትም አለቀ። እስከ ክርኗ ድረስ ብርድ ይመታት ነበር
እስከ ፋሲካ።

አንድ ቀን ላምባውም አለቀ። ከረጢቱም ባዶ ነበረ።
ኮቷን ከፈት አደረገች፤ ጣቴ አንገቷ ሥር ቀረ።
«ይህችን ላቲኖች ትንሿ ቁልፍ አሏት። ዳስሳት።»
ከደረቷ ተነሥቼ ወደ ትከሻዋ ሄድሁ፣
ቆዳዋ ስስ፣ ቀዝቃዛ፣
ግማሽ መንገድ ላይ መጽሐፉ የማያውቀው ጉብታ
እንደ ተቋጠረ ገመድ።
«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዋልነት ዛፍ ወደቅሁ።
አባቴ በመሃረብ አሰረልኝ፤ ላሟ እስክትታለብ አለቀስሁ።
አጥንት መጥፎ ልብስ ሰፊ ነው» አለችኝ፣
«ክር አይቆጥብም። ደራርቦ ይሰፋል፤ ስፌቱ ይወፍራል።»
ኮቷን ቆለፈች። «የትኛው ናት?»
«የቀኝ» አልሁ።
«ተመስገን» አለች፣ «አንዱ እንኳ ገባው።»

አሁን መብራት መጥቷል። ከረጢቱ ግን አልቀረም።
አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ጣቴም እንደ ያኔው አይበርደውም።
ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥጋዋን ለምድር ቤቱ
ተናዝዛለች ሲሉ ሰምቼ፣ አላመንሁም ነበር።
መጋቢት ላይ አዲሱ ጠባቂ ሜራቢ
አዲስ የታጠቡ አጥንቶች በከረጢቱ ጨመረ፤
ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ።

ኻቱና ተራዋ ደረሰ። እጇን ሰደደች። ዘገየች።
«የአንገት አጥንት። የቀኝ።» ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች፣
«መሃሏ ላይ አንድ ነገር አለ፣ መምህር፣
መጽሐፉ ላይ የለም። ነጥብ ይቀነስብኛል?»

መልስ አልነበረኝም። እጄን ከእጇ አጠገብ ከተትሁ፤
አገኘኋት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆምሁ።
ከዚያ የጣት አጥንት ፈለግሁ፣ ጥቁር ይሆን ብዬ፣
አንዱን ወደ መስኮቱ ይዤ ወጣሁ።
ነጭ ነው። ቀለሙ ከሥጋዋ ጋር ሄዷል።

ለልጅቷ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ።
መዝገቡን አወጣሁ፤ ከቁጥሩ ጎን፣ በእርሳስ፣
«ዋልነት» ብዬ ጻፍሁ።